«ከፈለገማ ይችላል»

ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው በሚያስታምሙ ቤተሰቦች መካከል አንዳንዴ የምትሰማ አንዲት አጭር ንግግር አለች፦ «ከፈለገማ ይችላል!» የምትነገረው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ አላት። ሰውየው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ በሩ ጋ ሲደርስ፣ እግሩ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ያው ሰው ትንሽ ቆይቶ ደረጃ ሲያጋጥመው አንድ ሁለት እያለ ይወጣዋል። በቃ፣ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። ደረጃ የወጣ እግር ለጥ ያለ ወለል ላይ እምቢ ካለ፣ እምቢ ያለው እግሩ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ይሄ ፍርድ የሕክምና ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ከጀርባው ስለ ሰው ልጅ ፈቃድ ያለን አንድ እምነት አለ፦ አንድን ነገር አንዴ የቻለ ሰው ሁልጊዜም ይችላል፤ ካላደረገው ስላልፈለገ ነው። እምነቱን ለመፈተን ደግሞ የፓርኪንሰን የእንቅስቃሴ ምርምር ጥሩ ቦታ ነው።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እርምጃው አያስብም። እያወራ፣ ስልኩን እያየ ይሄዳል። ፓርኪንሰን ላይ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ፣ የለመድነውን እንቅስቃሴ ሳናስብበት የሚያስኬደው ሥርዓት ይዳከማል። የመራመድ ችሎታው ግን ጨርሶ አልጠፋም። የለንደኑ የነርቭ ሐኪም ፐርደን ማርቲን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደገለጸው፣ ወለሉ ላይ በእርምጃ ልክ አግድም መስመሮች ሲሰመሩ፣ መራመድ ያቃታቸው ሕመምተኞች መስመሮቹን እየተሻገሩ መሄድ ይችላሉ። የደረጃውም ምሥጢር ከዚህ አይርቅም፤ እያንዳንዱ እርከን ለዓይን የተሰመረ መስመር ነው።

በ1990ዎቹ ደግሞ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ ሜግ ሞሪስ፣ ሮበርት ኢያንሴክና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ለክተው መረመሩት። በመስመር ሲታገዙ የሕመምተኞቹ እርምጃ ረዘመ፤ ወደ ጤነኛ ሰው እርምጃም ተጠጋ። መስመሩ ተነስቶ ረጅም እርምጃን በሐሳባቸው እንዲይዙ ሲደረግም ሠራ። እየተራመዱ ሌላ አእምሮን የሚይዝ ሥራ ሲጨመርባቸው ግን እርምጃቸው መልሶ አጠረ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ የመጨረሻው ነው። ሌላው ሰው በነጻ የሚያገኘውን እርምጃ እነሱ በትኩረት ይገዙታል። ታዲያ «ቶሎ በል እንጂ!» ስንለው ምን እያደረግን ነው? ለእርምጃው የያዘውን ትኩረት ከእጁ እየነጠቅነው ነው። ጥድፊያና ጭንቀት የእግርን መያዝ እንደሚያብሱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ስንፍና ብለን በምንከሰው ነገር ውስጥ የእኛም እጅ አለበት ማለት ነው።

በ2010 (እ.ኤ.አ.) የሆላንድ ሐኪሞች ስለ አንድ የ58 ዓመት ሰው ጽፈው ነበር። ሰውየው 10 ዓመት ከፓርኪንሰን ጋር ኖሯል። ተደግፎ እንኳ ጥቂት እርምጃ ሄዶ እግሩ ይያዛል። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ያለ ማንም እርዳታ ይነዳል፤ ይዞራል፤ ይመለሳል። ከብስክሌቱ ሲወርድ እግሩ ወዲያው ይያዛል። ሲነዳ ብቻ ያየው ጎረቤት ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም።

ሶፍትዌር በምንሠራ ሰዎች ዘንድ «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የምትባል የታወቀች ቀልድ አለች። አንድ ፕሮግራም እዚህ ሠርቶ እዚያ እምቢ ሲል ፕሮግራሙ ሰነፈ አንልም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ምን እንደተለየ እንፈልጋለን። ለማሽን የምንሰጠውን ትዕግሥት ለሰው መንፈጋችን ይገርመኛል። ሰው ማሽን ስለሆነ አይደለም፤ ከማሽን ስለሚበልጥ ነው።

እሺ፣ መስመር ካስፈለገው የተራመደው እሱ ነው ወይስ መስመሩ? እኔ እሱ ነው እላለሁ። ማለዳ ለመነሳት ስልካችን ላይ አላርም የምንሞላ ሰዎች ፈቃዳችን የውሸት ነው ተብለን አናውቅም። የማንም ፈቃድ ባዶ አየር ላይ አይቆምም፤ የሚይዘው፣ የሚረግጠው ነገር ይፈልጋል። ልዩነቱ የእኛ መደገፊያ ለምደነው የማይታየን መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። ፓርኪንሰን አንዳንዴ ፍላጎትን ራሱን ያደክማል። ሰውየው ለመንቀሳቀስ ሳይሆን ለመፈለግም አቅም ያጣል። ያኔ «አልፈለገም» የሚለው ቃል እውነት ይሆናል፤ ግን ክስነቱ ይቀራል። ይሄ ማለት ግን ማንም በምንም አይጠየቅ ማለት አይደለም። ሕመምተኛም ይሳሳታል፤ ይቆጣል፤ ሊያስቀይም ይችላል። የምለው፣ ከእግሩ አካሄድ ተነስቶ ልቡን ማንበብ አይቻልም ነው።

እርዳታውም የአንድ ቀን ነገር አይደለም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ቤልጂየም፣ እንግሊዝና ሆላንድ ውስጥ 153 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ውጤት ወጣ። ፊዚዮቴራፒስቶች ለሦስት ሳምንት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ በድምፅ፣ በብርሃንና በንዝረት ምት እያገዙ አለማመዷቸው። አካሄዳቸው በመጠኑ ተሻሻለ፤ ሥልጠናው ካበቃ ከሳምንታት በኋላ ግን መሻሻሉ ቀነሰ። መስመሩ በሽታውን አያድንም። እዚያው ሊቆይ፣ ሲደበዝዝም እንደገና ሊሰመር ይገባል።

አማርኛ ይሄን ነገር የሚያውቀው ይመስለኛል። ደክሞን ወይም ደንግጠን መነሳት ሲያቅተን «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» እንላለን። ስለ ራሳችን ስንናገር እኛ ሌላ፣ እግራችን ሌላ ነው። ስለ ሌላው ስንናገር ግን ሁለቱን አንድ አድርገን እንፈርዳለን። በር ላይ ለቆመው ሰው ከእኛ የሚጠበቀው ለራሳችን የምንሰጠውን ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ማበደር ነው፦ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነው። ከዚያ ዝም ብሎ አጠገቡ መቆም፣ የሚረዳው ነገር ካለም እሱኑ መጠየቅ።