ሕግን የሚጠቅስና ሕግን የሚያወጣ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ይሁን እንጂ በፍርድ አደባባይ የሚቆም ጠበቃ የሕጉን ሥር እንዲመረምር አይገደድም፤ ተግባሩ በወጣው ሕግ ተመርኩዞ የደንበኛውን ጥቅም ማስከበር ነውና። ታዲያ ሕጉ ራሱ ግፍ የተሸከመ ቢሆን፣ በዚያ ሕግ የረታ ሰው ከኅሊና ተጠያቂነት ይድናልን? ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካዊው የታዴየስ ስቲቨንስ የሥራ ዘመን ጥሩ መመርመሪያ ይሆነናል።

ስቲቨንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1792 በቬርሞንት ከድኃ ቤተሰብ ተወለደ። በ1816 በፔንሲልቫኒያ፣ በጌቲስበርግ ከተማ ጥብቅና ጀመረ። በ1821 በተወሰነ ክርክር ቻሪቲ በትለር የተባለች ጥቁር ሴት ከነልጆችዋ ነፃ እንድትወጣ ለፍርድ ቤት አመለከተች። በ1780 በወጣው ዐዋጅ መሠረት ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ጌታ ባሪያውን በፔንሲልቫኒያ ከስድስት ወር በላይ ካቆየ፣ ባሪያው ነፃ ይሆናል። ሴቲቱ በየጊዜው እየመጣች የቆየችበት ዘመን ተደምሮ ከስድስት ወር ይበልጣል የሚል ክርክር ቀረበላት። ወጣቱ ጠበቃ የቆመው ግን ለባሪያው ጌታ ነበር። ቆይታው ሳይቋረጥ የተፈጸመ መሆን አለበት ሲል ተከራከረ፤ ረታም። ቻሪቲ በባርነት ቀረች።

ይኸው ሰው በ1833 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1834 ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበት የትምህርት ቤት ሕግ ወጣ። ግብሩን የጠሉ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የእርሱው መራጮች፣ ሕጉ ይሻር ብለው ተነሡ። ስቲቨንስ ግን በሚያዝያ 1835 በምክር ቤቱ ቆሞ ሕጉን ተከላከለ፤ ሕጉም ጸና። የ1837–38 የሕገ መንግሥት ጉባኤ የመምረጥን መብት ለነጮች ብቻ ሲወስን፣ ፊርማውን ለመስጠት እምቢ አለ።

በጠበቃውና በተወካዩ መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። ጠበቃው «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ሕግ አውጪው ግን ሕጉ ምን ማለት እንዳለበት የሚወስነው እርሱ ራሱ በመሆኑ መሸሸጊያ የለውም። ተከራካሪ ሁሉ ጠበቃ ያሻዋል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ያለ እርሱ ፍርድ አይቃናም። ሆኖም ተከሳሽን ከቅጣት ለማዳን መሟገትና ሰውን በባርነት ለማቆየት ጥበብን ማከራየት በአንድ ሚዛን የሚለኩ አይደሉም። መሸሸጊያው የሙያውን ደንብ ይሸፍን ይሆናል፤ የሰውየውን ሥራ ግን አይሸፍንም።

ስቲቨንስ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1868፣ ለጥቁሮች መብት በጽናት ታገለ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለሚሊዮኖች የተዋለው ውለታ የአንዲቱን ሴት ዕዳ አይከፍልም፤ ዕዳው የእርስዋ ነበርና። በመሆኑም መምህሩም ሆነ ሠዓሊው፣ ሹሙም ሆነ ጸሐፊው «የታዘዝሁትን ፈጸምሁ» ከማለቱ በፊት፣ በእጁ ሥራ የሚጎዳው ሰው ማን እንደሆነ በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ። ደንብን ለማሻሻል ጊዜ ይገኝ ይሆናል፤ በደንቡ ለተበደለው ሰው ግን ያ ጊዜ ሁልጊዜ አይደርስለትም።