ሶብር ዝምታ አይደለም፦ ዓይናቸውን ለተሠሩ ወላጆቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የዛሬው የጁምዓ ማስታወሻችን በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ ስለምትቀመጥ ትንሽ ብልቃጥ ነው። እናት ወይም አባት፣ አያት ወይም አክስት የዓይን ሞራ ተሠርተው ሲመለሱ ይዘዋት የሚመጡት የዓይን ጠብታ ናት። በጁምዓ ቀን ስለ ጠብታ ምን ይወራል አትበሉ። በዚህች ብልቃጥ ዙሪያ ሶብርም፣ ሶላትም፣ የወላጅ ሐቅም አለ።

ሞራ የሚባለው ከዓይን ብሌን ጀርባ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ፣ ባብዛኛው በዕድሜ ምክንያት፣ ሲደፈርስ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 እና 2006 በሀገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት፣ ማየት ከተሳናቸው ሰዎች የግማሽ ያህሉ ምክንያት ይኸው ሞራ ነበር። ሊታከም የሚችል ነገር የግማሹን ሰው ብርሃን ይዞ ነበር ማለት ነው። ሕክምናው ለኡማችንም እንግዳ አይደለም። ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ ከሞሱል የተነሣው ዐማር ኢብኑ ዐሊይ በግብፅ ሆኖ ሞራን ውስጡ ባዶ በሆነ መርፌ መጥጦ ስለማውጣት በመጽሐፉ ጽፏል።

እንግዲህ እናታችሁ ተሠርተው መጡ እንበል። ፋሻው ተነሣ፤ የልጅ ልጃቸውን ፊት ለየት አድርገው አዩ፤ ቤቱ በአልሐምዱሊላህ ተሞላ። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይናቸው ይቆረቁራቸዋል። በሳምንቱ ጠብታው ሲገባ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። "እንዴት ዋሉ?" ስትሏቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። ለምን? አንዳንዶቹ መናገር ከሶብር የሚያወጣ፣ በአላህ ቀደር ላይ ማማረር ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ለእናንተ ያዝናሉ። ዳግም ትራንስፖርት፣ ዳግም የካርድ ገንዘብ፣ ዳግም ከሥራ መቅረት እንዳይመጣባችሁ ብለው ሕመሙን ይውጡታል።

እዚህ ላይ ዲናችን ምን እንደሚል እንይ። አዩብ (ዐለይሂ ሰላም) በሶብር ምሳሌ የሚደረጉ ነቢይ ናቸው። ሱረቱል አንቢያእ ላይ ግን ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ሲናገሩ እናገኛቸዋለን። ሱረቱ ሷድ ላይ ደግሞ ያው አላህ ታጋሽ ሆነው እንዳገኛቸው ይመሰክርላቸዋል። ስቃያቸውን መናገራቸው ከታጋሾች መዝገብ አልፋቃቸውም። ቡኻሪ በዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ራሷን አሟት ስትናገር፣ የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸውን ራስ ምታት ተናግረዋል። ኢማም ቡኻሪ ይህን ሐዲስ ያስቀመጡት በሽተኛ ሰው ሕመሙን ቢናገር እንደሚፈቀድለት በሚገልጽ ምዕራፍ ሥር ነው።

ስለዚህ ሕመምን ለሐኪም መናገር ማማረር አይደለም። ማማረር ልብ በጌታው ላይ ሲቆጣ ነው። መናገር ግን ሰበብ ማድረስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ሁለት ዓይኖቹን አጥቶ ለታገሠ ሰው በምትካቸው ጀነት እንዳለው የሚናገረው ሐዲስ ትልቅ ብስራት ነው። ነገር ግን ሊድን የሚችለውን ዓይን በዝምታ እንድናጣው አያዝም።

ታዲያ የቱን ታግሠን እናሳልፈው? የቱንስ እንናገር? ልዩነቱን ልጅ ማወቅ አለበት።

የሚታገሡት ይህ ነው፦ አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆር፣ እንባ ማቅረር፣ ትንሽ መቅላት፣ ብርሃን መሸሽ፣ ጠብታው እንደገባ ለጥቂት ጊዜ ማቃጠል። ዓይን ሲሠራ ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ጥግ ላይ ትንሽ ይቀደዳል፤ በውስጡ ያሉ ቀጫጭን ነርቮችም አብረው ይነካሉ። ዓይኑ ለጊዜው ይደርቃል። ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ማቆያ ደግሞ በተደጋጋሚ ሲገባ ይህን ድርቀት ያብሳል። ይህ ሁሉ ባብዛኛው ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የድርቀት ስሜቱ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። መለኪያው አንድ ነው፦ ዛሬ ከትናንት ይሻላል ወይ?

የሚነገረው ደግሞ ይህ ነው። መጀመሪያ ደህና የነበረ ዓይን ከቀናት በኋላ ማሳከኩ እየባሰ ከሄደ፣ የዓይን ቆቡ ካበጠ፣ በዓይን ዙሪያና ጠብታው በሚፈስበት ጉንጭ ላይ ቆዳው ከቀላ ወይም ከተላጠ፣ እያንዳንዱ ጠብታ በገባ ቁጥር የሚብስ ከሆነ፣ ሰውነት መድኃኒቱን አልተቀበለው ይሆናል። ይህ አለርጂ ነው። በአንዳንድ ጠብታዎችና ቅባቶች ውስጥ ያለው ኒዮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በዚህ ይታወቃል። ማቆያው ራሱም ሊያመጣው ይችላል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ቤት ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው "ይህ ጠብታ ጎዳኝ" ብሎ ሁሉንም በገዛ እጅ ማቆም ነው። ከጠብታዎቹ አንዱ ዓይንን ከኢንፌክሽን የሚጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ ስቴሮይድ የሚባል፣ የውስጥ ቁጣውን የሚያበርድና በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ የሚቀነስ ነው። ድንገት ሲቆም ቁጣው ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ስህተት "ሶብር ላድርግ" ብሎ መቀጠል፣ ጊዜው ካለፈም በኋላ ከፋርማሲ ደጋግሞ መግዛት ነው። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ሲረዝም በአንዳንድ ሰው የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ ያለ ሕመም የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። መፍትሔው ብልቃጦቹን ሁሉ በፌስታል ይዞ ወደ ሠራው ክሊኒክ መሄድ ነው። ሐኪሙ የቱ እንደሆነ ለይቶ በሌላ ይተካዋል፤ ማቆያ የሌለበትንም ሊያዝ ይችላል። ፊት በሙሉ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደ ግን ጠብታውን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶችም አሉ። ሕመሙ እየጠነከረ ሲሄድ፣ የተከፈተው እይታ ተመልሶ ሲደበዝዝ፣ ቅላቱ ሲብስ፣ መግል ሲወጣ፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ሲታይ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ አብሮ ሲመጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ግድ ነው። የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ከደረሰ ግን በሰዓታት መዘግየት ብርሃን ሊጠፋ ይችላል። በተለይ በነፃ የሕክምና ዘመቻ የተሠሩ ከሆነ፣ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዱ በፊት "ችግር ቢመጣ ወዴት እንሂድ? በማን ስልክ እንደውል?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት።

አሁን ወደ ዒባዳው እንምጣ። አዛውንቶቻችንን እጅግ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነውና። ሐኪሙ ለተወሰኑ ቀናት ውኃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ካዘዘ፣ ውዱእ እንዴት ይሁን? የዓይንን ውስጥ ማጠብ ከመጀመሪያውም የውዱእ ግዴታ አይደለም። ውኃ የማይጎዳውን የፊት ክፍል ያጥባሉ፣ በዓይን ዙሪያ በረጠበ እጅ ያብሳሉ። እሱም የሚጎዳ ከሆነ ወይም መሸፈኛው የማይነሳ ከሆነ በመሸፈኛው ላይ የማበስና የተየሙም ፍርድ አለ፤ ዝርዝሩ በመዝሀቦች መካከል ስለሚለያይ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። ሐኪሙ ማጎንበስ ከከለከለ ደግሞ ሩኩዕና ሱጁዱን ተቀምጠው በምልክት ያደርጋሉ፤ ለሱጁዱ ከሩኩዑ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረዲየላሁ ዐንሁ) በኪንታሮት ታመው በጠየቁ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መቆም ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ፈቅደውላቸዋል።

"እኔ ለጌታዬ ግንባሬን ሳላስነካማ አልሰግድም" የሚሉ እናት አሉ። ፍቅራቸው ያስቀናል። ግን ሩኽሳውን የሰጠው ያው የሚሰግዱለት ጌታ መሆኑን በለሰለሰ ቃል አስታውሷቸው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ራሱ ላይ የቆሰለ ሰው ገላውን የመታጠብ ግዴታ ሲገጥመው ጓደኞቹን ጠየቀ። እነሱም ውኃ እያለ ተየሙም የለህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በሰዎቹ ላይ እጅግ ተቆጡ፤ ሳያውቁ ከመፍረድ ለምን አልጠየቁም ብለው ወቀሱ። በሰው አካል ላይ ያለ እውቀት መፍረድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስተውሉ።

ረመዷንም ሊገጥም ይችላል። የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡት ድረስ፣ በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ስለዚህ ጾም ላይ ነኝ ብለው ጠብታ እንዳይዘሉ ንገሯቸው።

ከቤት ውስጥ መድኃኒትም ተጠንቀቁ። ማር ሺፋ አለበት፤ ዘምዘም የተባረከ ነው፤ ኩል መኳልም ሱና ነው። ነገር ግን ትኩስ ቁስል ያለበት ዓይን ውስጥ ሐኪም ያላዘዘው ነገር አይገባም። ማሩን ይብሉት፣ ዘምዘሙን ይጠጡት፣ ኩሉን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ያቆዩት። ሩቅያ ቅሩላቸው፤ ዓይናቸውን ግን አትንኩ። በኸይበር ዘመቻ ዐሊይ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዓይናቸውን ታመው ሳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በምራቃቸውና በዱዓቸው መዳናቸው ለነቢይ የተሰጠ ሙዕጂዛ ነው። ለእኛ የቀረልን ዱዓውና ሰበቡ ነው።

በመጨረሻ የእናንተ ድርሻ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ገና በደንብ የማያዩ እናት ጠብታውን ግማሹን ጉንጫቸው ላይ ነው የሚያፈሱት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ነጭ ድፍርስ ያለ ጠብታ ከሆነ አስቀድማችሁ ነቅንቁት። የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይኑን ሳይነካ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እናንተ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ጫን በሉላቸው። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውም ይቀንሳል፤ ለጾመኛ ደግሞ ይህ ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በቀን 4 ጊዜ ከታዘዘ ከሱብሒ፣ ከዙህር፣ ከዐስርና ከዒሻ ሶላት በኋላ አድርጉት፤ ሶላቱ ጠብታውን ያስታውሳችኋል። ሌሊት መሸፈኛውን እንዳይረሱ፣ ዓይናቸውን እንዳያሹ ተከታተሉ።

በሪያድ፣ በጅዳ ወይም በዱባይ እየሠራችሁ የሕክምናውን ወጪ የላካችሁ እህቶች፣ አላህ ይቀበላችሁ። ስትደውሉ "ደህና ነሽ ኡሚ?" ብቻ አትበሉ፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። "ከትናንት ይሻላል ወይስ ይብሳል? ያሳክካል? ጠብታው ስንት ቀን ቀረው?" በሉ። ዓይናቸውን በቪዲዮ አሳዩኝ በሉ።

አላህ በሱረቱል ኢስራእ ለወላጅ "ኡፍ" እንኳ እንዳንል ከልክሎናል። እነሱ ግን ሕመማቸውን ኡፍ ብለው እንዲነግሩን ልናደርጋቸው ይገባል። ልጅ ፊቱ ሲጨማደድ ያዩ ወላጅ ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ገር ፊት ያዩ ይናገራሉ። ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን በብርሃን እዩ፣ ብልቃጦቹን ቁጠሩ። ይህን ሁሉ ለአላህ ብላችሁ ካደረጋችሁት ከጁምዓ ቀን መልካም ሥራዎቻችሁ አንዱ ነው።

አላህ የታመሙ ወላጆቻችንን ይፈውስልን፤ ብርሃናቸውን በዱንያም በአኺራም ይሙላላቸው፤ እኛንም ሐቃቸውን ከሚወጡት ያድርገን። ኣሚን።