በገዛ ግቢ፣ በገዛ እጅ

አንድ ሰው የገዛ መኪናውን፣ በገዛ ግቢው፣ በገዛ እጁ ቢፈታ ማን ምን ያገባዋል? ንብረቱ ነው፤ ጉልበቱም ነው፤ ቢበላሽም የሚከስረው እሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥርጣሬ በመጨረሻይቱ ሐረግ ላይ ነው፤ እውን የሚከስረው እሱ ብቻ ነው ወይ?

ምሳሌያችን የሰፈር ሰው ቮልስ የሚላት አሮጌዋ ቮልስዋገን ትሁን። ፋብሪካው የመጨረሻዋን እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ ካቆመ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬም ትታያለች፤ የምትታየውም ስለምትጠገን ነው። የቤንዚን ፓምፑ ከኋላ ሞተሩ ላይ በሁለት ዳዶ ታስሮ ይገኛል። ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ቤንዚን ለካርቡራቶሩ መድረሱ ይቀራል፤ ይባስ ብሎም ወደ ሞተሩ ወርዶ ዘይቱን ሊያቀጥነው ይችላል። ለመለወጥ ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል።

ባለቤቱ ይህን ራሱ ቢሠራው እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ብረት የነካን እጅ መናቅ የቆየ በሽታችን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ወደው አይደለም። ባለዲግሪው ጥፍሩ ሥር ግራሶ ቢገባ ምን ይጎድልበታል?

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የቮልስ ቤንዚን መያዣ ከፊት፣ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ጎማው ሲነቀል ቤንዚኑ ማንም ሳይገፋው በራሱ ይወርዳል። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ ወጥቶ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በአጥር ሥር ያልፋል፣ በበር ሥር ይገባል። እዚያ ማዶ ጎረቤት ቡና ሊያፈሉ ከሰል አያይዘዋል። ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። ጋራዥ ደጃፍ የረገጠ ሰው የት እንደገባ ያውቃል፤ እነዚህ ግን ምንም አላወቁም። ለመካኒክ ሳይከፈል ከሚተርፈው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አትደርሳቸውም፤ ከአደጋው ግን ተካፋይ ሆነዋል። ማን አካፈላቸው?

«ኧረ ተወን፤ ስንቱ ሲሠራው ኖሯል፣ ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ አላባክንም። ክብደት ያለው ክርክር ሌላው ነው፦ ጥንቃቄ የሀብታም ነው፣ ደኻ ለጋራዥ የሚከፍለው ከየት አምጥቶ? እስቲ ሒሳቡን እንየው። የኋላውን ወንበር አንስቶ ባትሪውን መፍታት ምንም አያስከፍልም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅም እንዲሁ። የጎማውን አፍ መወተፍ አንዲት እርሳስ ነው የሚፈጀው። በፓምፑ ሥር የሚገባውን ጓርኒሲዮን ውፍረት ማስተካከል ትንሽ ራስ ያዞራል፤ ቀጭን ከሆነ ዘንጉ ፓምፑን ከልክ በላይ ይገፋዋልና ካርቡራቶሩ ይጥለቀለቃል። ይህም ቢሆን ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ታዲያ ውዱ የቱ ነው? ወደ ጎረቤት በር ሄዶ «እማማ፣ ዛሬ ቤንዚን ልነካ ነው፤ እሳቱን ትንሽ ያቆዩልኝ፣ ልጆቹንም ወደ ቤት ያስገቡልኝ» ማለት ነው። ምላስ የሚተሳሰረው እዚህ ላይ ነው። በገዛ ግቢዬ ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ!

አዎን፣ ይጠየቅ። ይህ የጨዋ ልጅ ወግ ሳይሆን ዕዳ ነው። እማማ እምቢ ቢሉስ? ቮልስ ቀላል ናት፤ ሁለት ጎረምሳ ገፍቶ ገላጣ ሜዳ ላይ ያውጣት።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ መንገዱ ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ተዳስሶ ደረቅ ቢገኝ እንኳ መኪናዋ ነገ ከሰው መኻል ትገባለች። ከኋላዋ የሚነዳውን ሰው በር ማንኳኳት አይቻልም። የሰፈሩ መካኒክ አምስት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቢያየው መልካም ነው፤ ሆኖም የመካኒኩ ዓይን የዚያን መንገደኛ ፈቃድ ይተካል ወይ? እኔ እስካሁን አልተካውም ባይ ነኝ። የተለየ አሳብ ያለው በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን።