ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይጎድላልን?

የካርቱን ፊልም የሕፃናት ነገር ነው ብለን የምንንቅ ብዙዎች ነን። ታናናሾቻችንን ከፊቱ አስቀምጠን ወደ ሥራችን እንሄዳለን፤ ፊልሙ ግን በዚያ ሰዓት ቤተ ሰብ ምን እንደ ሆነ፣ አባት ለምን እንደሚቆጣ፣ ልጅስ እስከ ምን ድረስ መታዘዝ እንዳለበት ያስተምራቸዋል። ስለዚህ በርእሱ ላይ የጻፍሁትን ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ።

በቀድሞ ዘመን በተሠራው በ«ፒኖኪዮ» (እ.ኤ.አ. 1940) ጥያቄው አይነሣም። ከእንጨት የተሠራው ልጅ ትምህርት ቤት ሂድ ሲባል በመንገድ ተታልሎ ይጠፋል፤ ሽማግሌው ጄፔቶም እርሱን ፍለጋ ወጥቶ በዓሣ ነባሪ ይዋጣል። የሚሳሳተው ልጅ ነው፤ የሚመለሰውም ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው በ«ፋይንዲንግ ኒሞ» ግን ነገሩ ተገልብጧል። ማርሊን የተባለው ዓሣ ሚስቱንና ከአንዱ በቀር እንቁላሎቹን ሁሉ በአንድ ቀን አጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተረፈለትን አንድ ልጁን ከፍርሃቱ ብዛት የተነሣ መፈናፈኛ ያሳጣዋል። ልጁ ባለመታዘዙ አደጋ ላይ ቢወድቅም በመጨረሻ ጠባዩን መለወጥ ያለበት አባትየው ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲያዩ «ልጆቻችንን አመፅ ያስተምሩብናል» ይላሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ልጁ ሁልጊዜ ብልኅ፣ ትልቁ ሰው ሁልጊዜ ሞኝ ሆኖ የሚታይበት ፊልም ሞልቷል፤ እኔንም ያሰለቸኛል።

ከዚህ የሚለይ ሆኖ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ኤንካንቶ» ነው። ታሪኩ የኮሎምቢያ ነው። አልማ የምትባል አሮጊት በወጣትነቷ ሦስት መንታ ሕፃናት ታቅፋ ከባሏ ከፔድሮ ጋር ከታጠቁ ሰዎች ስትሸሽ፣ ባሏ አንድ ወንዝ አጠገብ በፊቷ ይገደላል። ከዚያ ሐዘን ተአምረኛ ቤት ይወጣላታል፤ ለልጆቿና ለልጅ ልጆቿም ልዩ ልዩ ስጦታ ይሰጣቸዋል። ሉዊሳ የምትባለው ቤተ ክርስቲያኑን ሳይቀር አንሥታ ቦታ የምታዛውር ብርቱ ናት። ሚራቤል ብቻ ምንም አልተሰጣትም። አሮጊቷ ቤቱ እንዳይፈርስ ስትል ሁሉን ታስጨንቃለች፤ ብርቱዋ ከሸክሙ የተነሣ ትደክማለች፣ ቆንጆዋ ለቤተ ሰቡ ጥቅም ተብሎ ልትዳር ነው። ብሩኖ የተባለው ልጇማ የሚመጣውን ክፉ ነገር ስለሚያይ፣ ከጠፋ ወዲህ ስሙ እንኳ አይጠራም።

ይህን ፊልም ለታናሽ እኅቴ ከፍቼላት አያቴ ከኋላችን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ቋንቋው የማይገባቸው ስለ ሆነ አልፎ አልፎ እተረጉምላቸዋለሁ። ብሩኖ የጠፋ መስሏቸው ዐሥር ዓመት ሙሉ እዚያው ቤት ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ኖሯል፤ ቤተ ሰቡ ማዕድ ሲቀርብ እርሱም በስንጥቁ እያየ፣ በጠረጴዛው ላይ ለራሱ ሳሕን ሥሎ አብሮ የሚበላ ይመስለዋል። እዚህ ላይ አያቴ እንዝርቱን አቆሙ።

«ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«ልጇ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን አይገባም?»

እኛም ቤት ስሙ የማይጠራ አንድ ሰው አለ። የእናቴ ወንድም ነው። እኔ ሳልወለድ ከአያቴ ጋር ተጣልቶ ወጣ ይባላል፤ በምን እንደ ተጣሉ የነገረኝ የለም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ስም አለመጥራት ከስድብ የከፋ ቅጣት ይመስለኛል፤ የተሰደበ ሰው ቢያንስ መልስ ሊሰጥ ይችላልና። ደግሞም የሚቀጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ እውነቱን አያውቁትም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በ«ኮኮ» አንድ የሜክሲኮ ጫማ ሠሪ ቤተ ሰብ፣ አባት ለዘፈን ብሎ ጥሎን ሄደ በማለት ፊቱን ከፎቶግራፍ ቀድዶ፣ ሙዚቃን ከቤቱ ከልክሎ እስከ አራተኛ ትውልድ ይኖራል። ሰውየው ግን ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲነሣ ወዳጁ በመርዝ ገድሎት ነበር። ብሩኖም የሄደው ስለ ሚራቤል ያየው ራእይ እንዳይጎዳት ብሎ ነው፤ ቤተ ሰቡ ጥሎን ሄደ ይላል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ አሮጊቷ ባሏ በሞተበት ወንዝ ዳር የልጅ ልጇን አግኝታ ያለፈውን ሁሉ ትነግራታለች፤ ቤተ ሰቡ የተሰበረው በእርሷ ጥፋት እንደ ሆነም ትናገራለች። ክብሯ ጎደለን? ለእኔ አልጎደለም። ሚራቤል አያቷን በእውነት ያከበረቻት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ትፈራት ነበር እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያዝዛል፤ እኛ ግን የመጀመሪያውን ብቻ በቃላችን እናጠናለን። ይሁንና ሚራቤልም ይቅርታውን ተቀብላ ዝም አላለችም፤ አያቷ ምን እንዳጣች ሰምታ፣ ቤተ ሰቡ የዳነው በእርሷ መሆኑን ነገረቻት። ይቅርታ ጠይቁን የምንል ወጣቶች የትልልቆቻችንን ወንዝ ለማየት ምን ያህል ፈቃደኞች ነን?

ፊልሙን የምነቅፍበት ነገር አለ። የዐሥር ዓመቱ ግድግዳ በአንድ ዘፈን ታልፎ ቤቱ በደስታ ይሠራል። በእኛ ቤት ይህን ያህል አይቀልም። የእኛ ትልልቆች ሲጸጽታቸው በቃል አይናገሩም፤ ከወጡ ላይ ሥጋውን መርጠው ያጎርሱናል። ጉርሻው ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ስለ የትኛው በደል እንደ ጎረስን ሳናውቅ እንቀራለን። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሰው ደግሞ ማን ያጉርሰው?

ፊልሙ ሲያልቅ አያቴ ምንም ሳይሉ ጥጣቸውን ሰብስበው ገቡ። በማግስቱ ቡና ሲወቅጡ ግን ዘነዘናውን አቁመው፣ «ያ ሰውዬ ሲወጣ እናቱ ምን አለችው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በቁልምጫ ስሙ ጠርታ አቀፈችው» አልኋቸው።