ሥጋ በምን ከበረ?

«ከበረ» የሚለው ቃላችን ብዙ ሥራ አለበት። ባቲ ገበያ ላይ ግመል እየሸጠ ያለፈለት ነጋዴ ከበረ ይባላል። ሹመት ያገኘ ሰው ይከበራል። ገናም ይከበራል። ሀብት፣ ሹመትና በዓል ከአንድ ግስ መውጣታቸው አያስገርመኝም፤ ሰው ከሦስቱም የሚፈልገው ያው ነውና፦ እንዲታይ፣ ሲገባ ተነሥተው «ኖር» እንዲሉት።

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። እኛ ጋ ክብር የሚመጣው በቁጥር ነው። አፑን ስንት ሰው አወረደው? ቴሌግራም ላይ ስንት ሰው አየው? ጊትሀብ ላይ ስንት ኮከብ አገኘ? ቆጣሪውን ራሴ ጽፌው አውቃለሁ፤ በነበረው ላይ አንድ ደምር የምትል አንዲት መስመር ናት። እንዴት እንደምትሠራ እያወቅሁም ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይለኛል። ስለዚህ ክብር ፈላጊውን ቆሜ ልሰድብ አልችልም። ፍላጎቱ ራሱም ኃጢአት አይመስለኝም። መራመድ የጀመረ ሕፃን ሁለት እርምጃ ሄዶ ቀና የሚለው የእናቱን ፊት ለማየት ነው። ይሄ ትዕቢት ነው የሚል ካለ ልጅ አላሳደገም።

ሉቃስ የልደቱን ምዕራፍ የጀመረው በቆጠራ መሆኑን ልብ ያልኩት እዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ቤተ ልሔም በተመዝጋቢ ተጨናነቀች፤ ማረፊያ ጠፋና ሕፃኑ በግርግም ተኛ። ዜናው መጀመሪያ የደረሳቸውም ሌሊት ከብት የሚጠብቁ እረኞች ናቸው። እዚህ ላይ ሰባኪዎች የሚወዷት ንጽጽር አለች፦ ያ ሁሉ ግዛት የነበረው ቄሣር ዛሬ በየገጠሩ ስሙ የሚነሣው በድሃው ልጅ ታሪክ ውስጥ ነው። ደስ ትላለች። እኔን ግን አታጠግበኝም፤ ያው የዝና ሂሳብ ናት። ውድድሩን ሳትነካ አሸናፊውን ብቻ ትቀይራለች። የገና ትርጉም «ታገሥ፣ ከቄሣር የበለጠ ትታወቃለህ» ከሆነ፣ ለእኔ ቢጤው ቆጣሪ ምንም አዲስ ነገር አልነገረውም።

አዲሱን ነገር የማገኘው የአገራችን ሊቃውንት ለዘመናት በተሟገቱበት ጥያቄ ውስጥ ነው፦ ቃል ሥጋ ሲሆን ሥጋ በምን ከበረ? ቅብዓቶች በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። ባለ ጸጋዎቹ ከአብና ከድንግል ልደት ሌላ በጸጋ የሆነ ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። ተዋሕዶዎች ደግሞ በመዋሐዱ ብቻ አሉ። ከሩቅ ሲሰሙት የቃላት ጭቅጭቅ ይመስላል። እኔ ግን የመጨረሻውን መልስ ባሰብኩት ቁጥር ይከብደኛል። ሥጋ የከበረው አንድ ነገር ሠርቶ፣ ፈተና አልፎ፣ ተመርጦ አይደለም፤ አምላክ ከእርሱ ጋር አንድ ስለሆነ ነው። እኛ የምናውቀው ክብር ከሰው በመለየት ይገኛል፦ ከፍ ያለ ወንበር፣ የተለየ ማዕረግ፣ ከሌላው የበለጠ ቁጥር። ይሄኛው ከሰው በመዋሐድ የመጣ ነው።

ታዲያ ክርክሩ የተቋጨው የት ነው? እዚሁ ወሎ፣ ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ፤ በ1870 ዓ.ም.። ጉባኤውን የጠሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ሦስት ልደት ተወገዘ፣ ተዋሕዶ ጸና። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አዋጁ ግን የወሎን ሙስሊሞችም ክርስትና ተነሡ አለ። የወሎው መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ነገሡ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት እምቢ ብለው ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር አንድ ለማድረግ ነው፣ ከግብፅ ጋር የተደረገው የጉንደትና የጉራ ጦርነትም ገና ትኩስ ነበር ይባላል። እውነት ነው፤ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ነገሩን ግን አያቀናውም። አምላክ ያለ ሠራዊት ወርዶ ሰውን አከበረ ብሎ የፈረደ ዙፋን፣ ሰውን በሠራዊት ወደዚያ ክብር ሊነዳ ወጣ። የክብር ጥማት ብልጠቷ እዚህ ላይ ነው፤ ግርግሙን እንኳ ዙፋን ታደርገዋለች።

እኔ የተወለድኩት የዚያ አዋጅ ወሬ ባልጠፋበት አገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው በሰኞ ገበያ የሚገናኙባት፣ አብዛኛው ሰው ሙስሊም የሆነባት ከተማ ናት። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ሰኞ ዋለ። ገበያው እንደ ወትሮው ቆመ። አፋሮቹ ግመላቸውን ይዘው ከቆላ ወጡ፤ ከቅዳሴ የምንመለሰው ነጠላ ለባሾች በእህልና በፍየል መሀል ተሹለክልከን አለፍን። የቆመልን የለም፣ የገፋንም የለም። ከተማው ሁሉ በራሱ ጉዳይ ተጠምዶ ነበር። ቤተ ልሔምም በዚያች ሌሊት እንዲህ የነበረች ይመስለኛል።

ቤታችን ለገና ሁለት በግ ይታረዳል። አንዱ ለእኛ፣ ሌላው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሙስሊም እጅ፤ ድስቱም ለብቻው ነው። ለኢድ እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ሲሰማ «በአንድ ድስት ካልበላችሁ ምኑን ተፋቀራችሁት?» አለኝ። እኔ ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። ጎረቤቴን «ከኔ ድስት ብላ» ብለው የምከብረው እኔ ነኝ፤ የሚሆነውን አውቄ ሳቀርብለት የሚከበረው እሱ ነው።

የዚያን ሰኞ አራጁ ጎረቤታችን ከገበያ ዘገዩ። 43 ቀን የጾምን ሰዎች ዶሮውን ሌሊት ቀምሰን ነበርና አልተራብንም፤ ቢሆንም ወንድሞቼ ምሳ ይቅረብ እያሉ ይወተውቱ ጀመር። ከሰዓት በኋላ አቧራቸውን እያራገፉ፣ ቢላዋቸውን ይዘው፣ «ገበያው አልለቅ ብሎኝ» እያሉ ደረሱ። እናቴ እስከዚያ ድረስ መሶቡን አልከፈተችም ነበር።