ደረጃና ዋጋ፦ ከጠገራ ብር እስከ ዲላ ቡና

ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ በኋላ ዘመን ሲመታም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ስለቀጠለና ዓመቱ ብቻውን መቼ እንደተመታ ስለማይነግር፣ ሻጩ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ በባለሙያ ደረጃ ቢያሰጠው ይበጀዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከንግድ ስሌት አልፎ ዋጋ በዕቃው ውስጥ ነው ወይስ በምስክሩ ቃል ወደሚል የፍልስፍና ጥያቄ ይመራል። የዲላ የቡና ጥራት ምርመራ ነገሩን ያጠራዋል፤ ቀማሹ የባለቤቱን ስም ሳያይ የይርጋጨፌን ወይም የኮቸሬን ናሙና ጉድለቱን ቆጥሮና ጣዕሙን ለክቶ ደረጃ ሲሰጥ፣ በጌዴኦ ገበሬ እጅ፣ በእንሰትና በጥላ ዛፍ መካከል አስቀድሞ የተገኘውን ጥራት ይመሰክራል እንጂ አይፈጥረውም። የሚፈጥረው እምነትን ነው፤ እምነትም፣ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ይሸጣል። ስለዚህ የጠገራ ብሩ ምርመራ ክፍያ ከሚያስገኘው ጭማሪ ሲበልጥ ብሩን ደረጃ ሳያሰጡ መሸጥ አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው የሚያውቁትን ጉድለት ከገዢ መደበቅ ነው።