የእግዜር መልክ በልባችን ውስጥ

እግዚአብሔር መልክ አለው ወይስ የለውም? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ዘሚካኤል የተባለው ሰውና ተከታዮቹ የአምላክን መልክ ሰው ሊያውቀው አይችልም አሉ። ንጉሡ በበኩሉ ሰው የተፈጠረው በአምላክ መልክ ስለሆነ መልክስ አለው ብሎ ሞገታቸው። ያንን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረው የእግዜር መልክ እምነቱን ምን ያደርገዋል?

በዐቢይ ጾም፣ በገብር ኄር እሑድ የሚነበበውን ምሳሌ እናስታውስ (ማቴ. 25)። አምስት መክሊት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሁለት። አንድ የተቀበለው ግን ጉድጓድ ምሶ ቀበረ። ለምን? ጌታ የለም ብሎ ካደ እንዴ? ኧረ አልካደም! ጌታው ጨካኝ ሆኖ ስለታየው ፈራ እንጂ። ሰነፍ መባሉ እውነት ነው፤ ስንፍናው ግን በልቡ ከሣለው ፊት የመጣ ነው።

እኛም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምተን አድገናል። እግዜርንም እዚያው ዙፋን ላይ እናስቀምጠዋለን። ያኔ ጸሎታችን ደጅ ጥናት፣ ስለታችን እጅ መንሻ ይሆናል። ጎረቤት ሲታመም «ምን አጥፍቶ ይሆን?» እንላለን። የሚጠይቅ ተማሪም መናፍቅ ይመስለናል። ኢዮብ ግን ከአምላኩ ጋር ተሟግቷል፤ አብርሃምም ስለ ሰዶም ከሃምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር ድረስ ተከራክሯል። ሁለቱም ከእምነት አልወጡም።

ታዲያ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይቅር ማለታችን ነው? አይደለም። የሚወዱትን እንዳያሳዝኑ መፍራትና ዱላን መፍራት ለየቅል ናቸው። የፊተኛው እጅን ለሥራ ያነሣሣል፤ የኋለኛው እጅን ያስራል።

እስቲ የሥላሴን ሥዕል እናስብ። በየቤተ ክርስቲያናችን ሥላሴ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሦስት ሽበታም አረጋውያን ሆነው፣ አራቱ እንስሳ ከበዋቸው ይሣላሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ አብርሃም በቀትር ሦስት መንገደኞችን ተቀብሎ፣ ለእግራቸው ውሃ አቀረበ። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህንም እንግዶች ሥላሴ ናቸው ብላ ታስተምራለች። ዙፋኑን ብቻ ያየ መስገድን ይማራል፤ እንግዳውንም ያየ ግን ከስግደቱ ተነሥቶ ውሃ ይቀዳል።

እንግዲህ እያንዳንዳችን እንጠይቅ። በእጃችን ያለው መክሊት፣ ዕውቀትም ይሁን እንጀራ፣ ተቀብሮ እንደሆነ፣ ያስቀበረን የትኛው ፊት ነው?